ጂዲቢ እና ኮንትሮል ሲ፦ ሲግናሉን ማን ዋጠው?

ጂዲቢ ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 የጻፈው ዲበገር ነው፣ ማለትም ፕሮግራምን እያስቆሙ ስህተት የሚፈልጉበት መሣሪያ፤ ነፃ ነው፣ ሊኑክስ ላይ ለሲ ፕሮግራመር የግድ ነው። ይሄን ሁሉም ያውቃል። እኔ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እየሠራ ላለ ፕሮግራም ሲግናል (በሲስተሙ በኩል የሚደርሰው አጭር መልእክት) ሲመጣ፣ በተለይ ሲግኢንት (ኮንትሮል ሲ ሲጫኑ የሚላከው)፣ ጂዲቢ ምን ያደርጋል?

መሞከሪያዬ በሲ የተጻፈች ትንሽ ፕሮግራም ናት። ፋይል ላይ ትጽፋለች፣ ኮንትሮል ሲ ሲመጣባት ፋይሉን ዘግታ «ቻው» ብላ ትወጣለች። ተርሚናል ላይ ብቻዋን ስትሆን ችግር የለባትም። ጂዲቢ ውስጥ ግን ኮንትሮል ሲ ስጫን ቆመች፣ «ኮንቲኒው» ስላት ምንም እንዳልተፈጠረ መጻፏን ቀጠለች። ቻው የለ፣ ምን የለ! ይሄን ያየ ጀማሪ ሃንድለሩ (ሲግናሉን የሚያስተናግደው የፕሮግራሙ ክፍል) ተበላሽቷል ብሎ ጤነኛ ኮድ ሲነካካ ያመሻል።

ብልሽት ግን አይደለም። ሊኑክስ በፒትሬስ (ዲበገር ሌላ ፕሮግራም በሚቆጣጠርበት የሲስተም ጥሪ) በኩል ሲግናሉን መጀመሪያ የሚያሳየው ለዲበገሩ ነው፤ ማሳለፍም ማስቀረትም የሱ ፈንታ ነው፣ እንደ ግቢ ዘበኛ። ጂዲቢ ደግሞ ሲግኢንትን ለራሱ መጥሪያ ስለሚጠቀምበት ያቆማል፣ ያሳውቃል፣ አያሳልፍም። «ኢንፎ ሲግናልስ» በሉት፣ እያንዳንዱ ሲግናል ምን እንደሚደረግበት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ቁጭ ያደርግላችኋል። ሲግአላርም (የሰዓት ቆጣሪው) እና ሲግቻይልድ (የልጅ ፕሮሰስ ማብቂያው) ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ፤ ሲግሴግቪ (የተከለከለ ሜሞሪ ሲነካ የሚመጣው) ያቆማል ግን ያልፋል። ምርጫው ምክንያታዊ ነው። የሚያናድደኝ ሲግናሉን ሲያስቀረው «ለፕሮግራምህ አልሰጠሁትም» የሚል አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ነው።

መፍትሔው «ሃንድል ሲግኢንት ስቶፕ ፓስ» ነው፣ አቁም ግን አሳልፍ ማለት ነው። ሲግናሉ ዲበገሩ የሚጠቀምበት ስለሆነ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ እሺ በሉት። ከዚያ ሃንድለሩ ላይ ብሬክፖይንት (ማቆሚያ ነጥብ) አድርጋችሁ ስትቀጥሉ እዚያው ትገባላችሁ። «ኖስቶፕ» (አታቁም) ካላችሁት ግን ኮንትሮል ሲ ፕሮግራሙን ማስቆሙን ይተዋል፣ ተጠንቀቁ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ «ሲግናል ሲግኢንት» ይሻላል፤ ሠንጠረዡን ሳያይ በቀጥታ ለፕሮግራሙ ይሰጠዋል። ከሌላ ተርሚናል በ«ኪል» (ሲግናል መላኪያው ትእዛዝ) የላካችሁት ግን በሠንጠረዡ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ሁለቱን አታምታቱ።

በጣም የወደድኩት «ዶላር አንደርስኮር ሲግኢንፎ» የሚባለውን ተለዋዋጭ ነው። ሲግናል ላይ ስትቆሙ ፕሪንት አድርጉት፤ በ«ኪል» የመጣ ከሆነ የላኪውን የፕሮሰስ ቁጥር ሳይቀር ያወጣዋል። ሰርቨሬን ማን ነው የሚገድለው እያለ ለሚጨነቅ ሰው ይሄ ወርቅ ነው። በሲግኪል (በግድ የሚገድለው ሲግናል) ከሆነ ግን አትልፉ፣ እሱን ዲበገርም አያስቆመውም፤ ፕሮግራሙ ሞተ ብሎ ይነግራችኋል፣ በቃ።

ሌላው ዲበገር ኤልኤልዲቢም ያው ችሎታ አለው። ትእዛዙ «ፕሮሰስ ሃንድል» ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፤ ለዚህ ብዬ ጂዲቢን አልለውጥም።

ትልቁ ድክመት ሲግኢንትን ብሎክ ያደረገ (እንዳይደርሰው ያገደ) ወይም በ«ሲግዌይት» (ሲግናል መጠበቂያ ፈንክሽን) የሚጠብቅ ፕሮግራም ላይ ነው። እኔ ባለኝ ጂዲቢ ኮንትሮል ሲ ብትደበድቡም ወደ ዲበገሩ አትመለሱም፣ ሲግናሉ ዲበገሩ ጋ አይደርስማ። ያኔ ከሌላ ተርሚናል ሲግትራፕ (ብሬክፖይንት ላይ የሚመጣው ሲግናል) ላኩበት፤ እሱም ብሎክ ከተደረገ ሲግስቶፕ (ፕሮግራም ማስቆሚያው) አለ፣ እሱን ብሎክ ማድረግ አይቻልም።