«በእጅ እናስመዘግባለን» ለሚሏችሁ አትክፈሉ

ገና ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው፤ ቃሌ ሻከር ቢል አትፍረዱብኝ። የድረ ገጽ ማውጫ (ድረ ገጾችን በየምድባቸው የሚዘረዝር ገጽ) የምታዘጋጁ፣ በተለይ «ማውጫዬን የሚያስተዋውቅልኝ ባገኝ» እያላችሁ ያላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ድረ ገጻችሁን በሌሎች ማውጫዎች እናስመዘግባለን የሚሉትን ሻጮች መቼም ታውቋቸዋላችሁ። «ድረ ገጽዎን ተመለከትኩት፣ እጅግ ማራኪ ነው» ብለው ይጀምራሉ፤ የትኛውን ድረ ገጽ እንደሆነ ግን አይናገሩም። ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ባክሊንክ (ከሌሎች ገጾች ወደ እናንተ የሚመራ ሊንክ)፣ የጎግል የመጀመሪያ ገጽ፣ ለዛሬ ብቻ የሚቆይ ቅናሽ። እንዲህ ያለውን ኢሜይል አንብቤ ሳልጨርስ ነው የማጠፋው። እናንተም እንደዚያው።

ይኼኛው ግን ሌላ መልክ ይዞ ነው የመጣው። በሺህ አላለም። «ጥቂት፣ ግን የተመረጡ ማውጫዎች» አለኝ። ሶፍትዌር አንጠቀምም፣ መግለጫውን እንደየማውጫው ደንብ እንጽፋለን፣ ትክክለኛውን ምድብ ፈልገን በእጅ እናስገባለን አለ። ማውጫዬንም ከልቡ አይቶታል፤ የትኛው ምድብ ጠንካራ፣ የትኛው ስስ እንደሆነ ሳይቀር ነገረኝ። ናሙና ስጠይቀው የላከልኝ ዝርዝር ንጹህ ነበር። ሰውየው የእኛን ሥራ በእኛው ቋንቋ ነበር የሚያወራው። ማውጫ ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የበለጠ ማባበያ የለም።

ሥራው እኮ ይኸው ነው። አስገቡኝ የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ድረ ገጹን ከፍተህ ታነባለህ፣ የሚረባ ነገር ከሌለው ትመልሰዋለህ። ካለው ባለቤቱ የላከውን «በዘርፉ ቀዳሚና ተመራጭ» የሚል ውዳሴ ጥለህ መግለጫውን ራስህ ትጽፋለህ። ከዚያ የሞቱ ሊንኮችን ለቀማ። ትናንት ደህና የነበረ ዶሜይን ዛሬ ተሸጦ የቁማር ገጽ ሆኖ ታገኘዋለህ። ያሁ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር ሁለት ተማሪዎች በእጃቸው የሰበሰቡት ዝርዝር ነበር። ዲሞዝ የተባለው ማውጫም ከ1998 ጀምሮ እስከተዘጋበት እስከ 2017 ድረስ የቆየው በበጎ ፈቃደኛ አርታኢዎች ላብ ነው። ያሁ በኋላ ከንግድ ድረ ገጾች በዓመት 299 ዶላር መጠየቁ እውነት ነው። ግን ክፍያው ድረ ገጹ እንዲገመገም እንጂ እንዲገባ አልነበረም፤ ካልተቀበሉህ ገንዘብህም አይመለስም ነበር። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። «አይሆንም» የሚል ሰው የሌለው ማውጫ ማውጫ አይደለም።

እናም ከፈልኩ። ሙሉውን፣ በቅድሚያ።

ሪፖርቱ በኤክሴል መጣ። ከላይ እስከ ታች «ጸድቋል፣ ጸድቋል፣ ጸድቋል»፣ ሁሉም በአረንጓዴ። አጠገቡ ደግሞ የዶሜይን ኦቶሪቲ ቁጥር ተደርድሯል። (ይህ ቁጥር አንድ ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ሞዝ የተባለው ድርጅት የሚያወጣው ግምት ነው። የጎግል አይደለም። ጎግል ፔጅራንክ የሚባለውን የራሱን የገጽ መመዘኛ ቁጥር ለሕዝብ ማሳየት በ2016 አቁሟል። ሻጮቹ ግን ዛሬም ቁጥሩን ጎግል የፈረመበት አስመስለው ነው የሚያቀርቡት።)

የመጀመሪያውን ሊንክ ከፈትኩ። «ልዩ ልዩ» የሚል ገጽ። የእኔ ማውጫ በቁማርና በፈጣን ብድር መሃል ተሸጉጧል። ስንት ጊዜ የደከምኩበት መግለጫ ቃል መሃል ላይ ተቆርጧል። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ቀለሙ ይለያል እንጂ ያው ገጽ ነው። ሦስተኛውም ያው። ገጹ ግርጌ ላይ ያለችው የፊደል ስህተት እንኳን ሁሉም ጋ አንድ ናት። «የተመረጡ ማውጫዎች» የተባሉት በሙሉ አንድ ሰው በአንድ ቀን ያባዛቸው ናቸው።

እየወረድኩ ሳይ አንዱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ስሙን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። የመለስኳቸው ድረ ገጾች መዝገብ ውስጥ ፈለግኩት። አለ! እኔ ማውጫ ውስጥ ለመግባት ጠይቆ ራሴ ነኝ የመለስኩት። ማስታወሻዬ ላይ «ምድቦቹ ባዶ፣ ሊንክ ለመሸጥ ብቻ የተሠራ» ብዬ ጽፌያለሁ። እኔ በነጻ አላስገባም ያልኩትን፣ እሱ ጋ ለመግባት ገንዘብ ከፍያለሁ።

ደሜ ፈላ። ቻት ከፈትኩ።

«ናሙናው ላይ ያሉት ማውጫዎች የት ሄዱ?» አልኩ።

«ናሙና ናሙና ነው» አለ። አንቱታው ከክፍያው ጋር አብሮ አልቋል። «ውሉን አላነበብክም?»

«በእጅ ነው የምንሠራው ብላችኋል እኮ።»

«በእጅ ነው። ቁልፉን የተጫነው ሠራተኛችን ነው።»

ቀልዱን ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልነበረም። አንዱን ማውጫ ራሴ መልሼው እንደነበር ነገርኩት፤ ይፈር ብዬ። የሚስቅ ፊት ላከልኝ። ከዚያ ይህችን ጻፈ፤ ቃል በቃል ነው የማስቀምጠው፦

«ወንድሜ፣ ያንተም እኮ ያው ነው። አንተ ሊንክ ትሰበስባለህ፣ እኛ ሊንክ እንሸጣለን። አሁን ማውጫ የሚያገላብጥ ሰው አለ? ባለሥልጣን አትሁንብን።»

ገንዘቡን ከዚህ በኋላ ነው የረሳሁት። ሰውየው እኮ ከመክፈሌ በፊት ምድቦቼን አንድ በአንድ አንብቦ ሲያደንቅልኝ ነበር። ልዩነቱ ጠፍቶት አይደለም። አሳምሮ ያውቃል፤ ያወቀውን ነው የሸጠልኝ።

ረጅም መልስ ጽፌ መልሼ አጠፋሁት። «እሺ፣ በሉ ሁሉንም አንሡልኝ» ብቻ አልኩ።

«ማንሣት የተለየ አገልግሎት ነው። ክፍያው በሊንክ ነው።» ወዲያው የዋጋ ዝርዝር መጣ። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ፣ ያማረ ዝርዝር። ጎግል በኤፕሪል 2012 ፔንግዊን የተባለውን፣ አላግባብ የተሰበሰቡ ሊንኮችን የሚለይ ማሻሻያ ሲለቅ አንዳንድ ማውጫዎች ሊንክ ለማንሣት ገንዘብ ይጠይቁ እንደነበር አውቃለሁ። ያ ዘመን ያለፈ መስሎኝ ነበር። ለካ አሁንም እንጀራቸው ነው፤ ሲያስገቡህም ሲያስወጡህም ይበላሉ። ቻቱ ሲዘጋ ደግሞ «አገልግሎታችንን ከ5 ኮከብ ስንት ይሰጡታል?» የሚል መጣ። እርስዎ ሆኜ ተመለስኩ!

ስለ ደረጃ ለምትጨነቁ፦ ጎግል በደንቡ ዝቅተኛ ጥራት ካላቸው ማውጫዎች የሚመጣን ሊንክ ከሊንክ ስፓም (ደረጃ ለማጭበርበር ከሚሰበሰብ ሊንክ) ነው የሚቆጥረው። ከ2016 ወዲህ ፔንግዊን እንዲህ ያለውን ባመዛኙ ሳይቆጥር ያልፈዋል እንጂ ድረ ገጹን አይቀጣም። በሰው ታይቶ የሚጣል ቅጣት ግን አሁንም አለ። ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ቅጣትን የሚያሳውቅበት ሰርች ኮንሶሌ እስካሁን ንጹህ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቀናኝ ከተባለ የገዛሁት ባዶ ነው፤ ካልቀናኝ ቅጣት። ሊንኮቹን ውድቅ የማድረጊያው መሣሪያ አለ፤ ጎግል ራሱ ግን አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም ስለሚል አልነካሁትም። ከደረጃው ይልቅ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እኔ ጋ ከተመዘገቡት አንዷ ገጹን አይታ «እናንተም እዚህ ገባችሁ እንዴ?» ብላ ጻፈችልኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ምክር ካላችሁኝ አጭር ነው። ናሙና አትቀበሉ፤ የሚያስገቧችሁን ማውጫዎች ሙሉ ስም ከክፍያ በፊት ጠይቁና ራሳችሁ ክፈቷቸው። ሁሉን ተቀብሎ ማንንም የማይመልስ ከሆነ ተዉት። ሊንክ ማስነሣት ስንት ነው ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዋጋ ከነገሯችሁ ሩጡ። የምር ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ የሊንኩ ኮድ ላይ ስፖንሰርድ ወይም ኖፎሎው የሚል (ለደረጃ እንዳይቆጠር የሚነግር) ምልክት ያድርጉበት፤ ጎግል ለተከፈለበት ሊንክ የሚጠይቀው ይህንን ነው። እንቢ ካሉ የሚሸጡት ማስታወቂያ አይደለም።

እኔ ክፍያው እንዲመለስልኝ ለባንኬ አመልክቻለሁ። ማስረጃ የሚሆነኝ ግን የመጨረሻው ቻት ብቻ ነው፤ ቀድቼ ያስቀረሁት እሱን ነው። «በእጅ፣ ያለ ሶፍትዌር» ያለበት የመጀመሪያው ንግግራችን እነሱ ገጽ ላይ ነበር፤ ዛሬ ስከፍተው ባዶ ነው። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ቅዱት።