ሳንቶሪኒ ላይ የግል ጉብኝትና የወይን ቅምሻ ልትገዙ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የግሪክ ደሴት ወደሆነችው ሳንቶሪኒ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በተለይ አውሮፓ የምትኖሩና ለጫጉላ ወይም ቤተሰብ ይዛችሁ ለመዝናናት የተነሳችሁ፣ አንዴ አዳምጡኝ። ደሴቲቱ ላይ «የግል ጉብኝት ከአስጎብኚና ከወይን ቅምሻ ጋር» ተብሎ የሚሸጠው ነገር ብዙ ጊዜ መኪናና ሹፌር ብቻ ነው። አስጎብኚው ለብቻው ይከፈላል። ወይኑም ለብቻው ይከፈላል። የመግቢያ ትኬቱም እንደዚያው። በግልጽ ከተነገረ ይህ በራሱ ነውር የለውም። ነገር ግን ሁሉም ነገር የተካተተ አስመስለው ይሸጡላችሁና እውነቱን የምትሰሙት ቫኑ ውስጥ ከተቀመጣችሁ በኋላ ነው።

እኛ በነሐሴ ነው የሄድነው፤ እኔና ባለቤቴ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች አክስቴ እና ልጇ። ለአራታችን 680 ዩሮ ተባልን። ግማሹ ቀብድ በካርድ፣ ግማሹ እዚያው። ማስታወቂያው ላይ አምስት ሰዓት፣ ባለሙያ አስጎብኚ፣ ሦስት ዋይነሪ (የወይን መጥመቂያ)፣ የአክሮቲሪ ጥንታዊ ከተማ፣ ቀዩ የባሕር ዳርቻ እና ኢያ መንደር ላይ የጀንበር መጥለቅ ተደርድሯል። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ነገ ሌላ ስም ይዞ ሌላ ገጽ ይከፍታል፤ አሠራሩን ብታውቁት ይሻላችኋል።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ። ጉብኝቱ በፈረንጅ ሰዓት ከ14:00 እስከ 19:00 ነው ይላል። እዚያ በነሐሴ ጀንበር የምትጠልቀው 20:00 ገደማ ነው። በሰኔና በሐምሌማ 20:30 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ጀንበር ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ ነው የምትጠልቀው! ሹፌሩን ስንጠይቀው ፈገግ ብሎ «ትርፍ ሰዓት ይቻላል፣ በሰዓት 80 ዩሮ» አለን። አምስቱ ሰዓት ደግሞ እኛ ከመግባታችን በፊት መቆጠር ጀምሯል፤ መኪናው ከጋራዥ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ። መንገድ ላይም የደሴቲቱ ዋና ከተማ ፊራ መግቢያ ላይ ቆመና የማናውቃቸው ባልና ሚስት ጫነ። «ጎረቤቶች ናቸው፣ መንገዳቸው ነው» አለ። እስከ ሁለተኛው ዋይነሪያችን ድረስ አብረውን ሄዱ።

በመርከብ ለምትመጡ ሌላ ወጥመድ አለ። «ከወደብ እንቀበላችኋለን» ሲሏችሁ የትኛው ወደብ ብላችሁ ጠይቁ። ከአቴንስ የሚመጣው ጀልባ የሚያርፈው አቲንዮስ ነው፤ እዚያ መኪና ይገባል። የሽርሽር መርከቦች ግን መንገደኛውን በትንንሽ ጀልባ የሚያወርዱት ከፊራ ገደል ሥር ባለው አሮጌ ወደብ ነው። እዚያ መኪና አይደርስም። ወይ በገመድ መኪና ትወጣላችሁ፣ ወይ ከ580 በላይ ደረጃ በእግር፣ ወይ በአህያ። ሹፌሩ የሚጠብቃችሁ ገደሉ አናት ላይ ነው። የገመድ መኪናው ሰልፍ ደግሞ ብዙ መርከብ በቆመበት ቀን ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በቀን የሚወርደው የመርከብ መንገደኛ ከ8,000 እንዳይበልጥ ገደብ ወጥቷል፤ 8,000 ሰው ራሱ ለዚያች ትንሽ ደሴት ስንት እንደሆነ አስቡት። ሰልፍ ላይ የቆማችሁበት ጊዜ ከከፈላችሁበት ሰዓት ላይ ይቀነሳል።

አስጎብኚ ወደሚባለው እንምጣ። ያው ሹፌሩ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ መኪናም ጥሩ ይነዳል። ግን አክሮቲሪ በር ላይ ስንደርስ «እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ግሪክ ውስጥ በጥንታዊ ቦታዎችና በሙዚየሞች ማስጎብኘት የሚችለው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ብቻ ነው። መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ታያላችሁ። ሹፌር ውስጥ ገብቶ ማስረዳት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ያ «ባለሙያ አስጎብኚ» ከበር መልስ ነው። ትኬቱንም ራሳችን ቆረጥን።

አክሮቲሪ ግን የሚያስረዳ ሰው የሚፈልግ ቦታ ነው። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ በአመድ የተቀበረ ከተማ ነው፤ ቁፋሮው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ከመንገዱ ሥር የሚሄድ የፍሳሽ ቦይ፣ ትልልቅ የእህልና የዘይት ጋኖች። የሰው አስከሬን ግን አልተገኘም፤ ነዋሪዎቹ ቀድመው ሳይወጡ አልቀሩም። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ የምታዩት ጣሪያ የተሠራለት ፍርስራሽ ነው። አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። ማስታወቂያው ላይ የሚለጥፏቸው እነዚያ ውብ የግድግዳ ሥዕሎች አክሮቲሪ ውስጥ የሉም። ዋነኞቹ ያሉት አቴንስ በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም እና ፊራ ባለው የቅድመ ታሪክ ሙዚየም ነው። አክስቴ ሥዕሎቹን ለማየት ብላ ሙቀቱን ችላ ዞራ ዞራ ጠበቂዋን «የታሉ?» ብላ በአማርኛ ጠየቀቻት።

ቀዩ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ገደሉ ስለሚናድ አደገኛ ነው የሚል ምልክት ተተክሎበታል። ጉብኝቱ ማለት ከመኪና ማቆሚያው ፎቶ አንስቶ መመለስ ነው። አምስት ደቂቃ።

አሁን ወይኑ። ብዙ ብር የሚበላው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ላስረዳ።

ሦስት ዋይነሪ ከተባሉት አንዱ ዋይነሪ አልነበረም። የወይን መሸጫ ሱቅ ነው፤ ማግኔት፣ ሳሙና እና ቲሸርትም ይሸጣል። ሁለተኛው እውነተኛ ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ እይታውም ልብ ይሰርቃል። ቁጥር የታተመበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተነጠፈ፤ በየቁጥሩ ላይ ብርጭቆ ተቀመጠ። አስተናጋጇ እየዞረች አንድ አንድ ጣት የማይሞላ ቀዳች። አክስቴ ፍልሰታን እየጾመች ስለነበር አልጠጣችም፤ የኛን ብርጭቆ አንስታ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችና «ልጄ፣ ለዚህች ጠብታ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ብር?» አለችኝ። ከዚያ ሂሳቡ መጣ። ቅምሻው ለየሰው ነው፣ እሷም ተቆጥራለች፤ ብርጭቆ ሳትነካ። ሹፌሩ ሲጠየቅ «የኛ ዋጋ ዋይነሪው ድረስ መውሰድን ነው» አለ። ሦስተኛው ጋ ሰዓት የለም ተብሎ አልሄድንም።

የሳንቶሪኒ ወይን ውድ መሆኑ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ወንዝ የሌላት፣ ዝናብ ብዙም የማያውቃት፣ ነፋስ የሚገርፋት ደሴት ናት። የወይኑ ሐረግ ቀና ብሎ አይቆምም፤ እንደ ቅርጫት ክብ ተደርጎ መሬት ላይ ይጠመዘዛል፣ ፍሬው መሃል ላይ ከነፋስ ተደብቆ ያድጋል። ኩሉራ ይሉታል። ውሃ የሚያገኘው በአብዛኛው ሌሊት ከባሕር ከሚመጣው እርጥበት ነው። ምርቱ ትንሽ ነው። የወይን እርሻውም ለሆቴልና ለቪላ እየተሸነሸነ እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ «ያልተገደበ የሳንቶሪኒ ወይን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የሚቀዳላችሁ ከሌላ የግሪክ ክፍል የመጣ የጀሪካን ወይን እንዳይሆን ጠርጥሩ። ጠርሙሱን ሳያሳዩአችሁ አይቅዱ። በአካባቢው ስም የተጠበቀው ደረቅ ነጭ ወይን ላይ ሳንቶሪኒ የሚለው ስም ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ዋናው የወይን ፍሬ አሲርቲኮ የሚባለው ነው።

ቪንሳንቶ ላይ ደግሞ ይበልጥ ንቁ። ይህ ከነጭ ወይን ፍሬ የሚሠራ ጣፋጭ ነው። ፍሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይጠወልጋል፣ ከተጠመቀ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ይቆያል። መልኩ ከማር እስከ ቡና ይደርሳል። ሱቁ ውስጥ የሰጡን ቀይ ጣፋጭ ወይን ነበር፤ «ቪንሳንቶ ነው» እያሉ። ደሴቲቱ ላይ ከቀይ ፍሬ የሚሠራ ጣፋጭ ወይን አለ፣ መጥፎም አይደለም፣ ግን ቪንሳንቶ አይደለም። በቪንሳንቶ ዋጋም መሸጥ የለበትም።

በመስከረም መጨረሻ «ወይን ለቀማ ላይ ትሳተፋላችሁ» የሚሏችሁም አሉ። ሳንቶሪኒ ላይ ወይን የሚለቀመው በፈረንጆቹ ኦገስት ነው፤ ከግሪክ ሁሉ ቀድሞ ከሚለቀምባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በመስከረም መጨረሻ ሐረጉ ላይ የምትለቅሙት ነገር አይኖርም።

ስለ ምግቡ አጭር ልበል፤ ለጿሚዎች ይጠቅማል። ከቅምሻው ጋር የሚቀርበው ሰሃን አይብና የደረቀ ሥጋ ነው። ግሪኮች ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ጾም ያውቃሉ፤ የእነሱ ፍልሰታ ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፣ የኛ ከ7 እስከ 21። «ኒስቲሲሞ» ካላችሁ የጾም ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ፋቫ የሚባለውን እዘዙ። ከደሴቲቱ ቢጫ ክክ የሚሠራ ነው፤ ተክሉ የኛ ጓያ የቅርብ ዘመድ ነው። አክስቴ በሽንኩርትና በዘይት ስትበላው የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ።

እሱንም የበላነው ሹፌሩ የመረጠው ምግብ ቤት አይደለም። እሱ የወሰደን ቤት ሜኑው ላይ የዓሣ ዋጋ በኪሎ ነው የተጻፈው፣ ሚዛኑን ግን ማንም አላሳየንም። ተነስተን ወጣን። ሹፌሩ አኮረፈ፤ ኮሚሽን እንዳለው ያኔ ገባን። በነገራችን ላይ ግሪክ ምግብ ቤቶች ውስጥ ደረሰኝ ካልተሰጠው ደንበኛው የመክፈል ግዴታ የለበትም የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ታያላችሁ። ተጠቀሙበት።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን በዋትስአፕ ላኩላቸው፦ «የቅምሻው ክፍያ ተካትቷል? በየትኞቹ ዋይነሪዎች፣ ስንት ዓይነት ወይን? ፈቃድ ያለው አስጎብኚ አክሮቲሪ ውስጥ አብሮን ይገባል? ትኬት ማን ይቆርጣል? ሰዓቱ የሚቆጠረው እኛ መኪናው ውስጥ ከገባን ጀምሮ ነው? ሌላ ሰው ይጫናል? ለማይጠጣ ሰው ዋጋው ስንት ነው?» መልሱ በጽሑፍ ይምጣ። «ምንም አታስቡ፣ ሁሉም ይመቻቻል» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ፈልጉ። ዋይነሪዎቹን በስም ከነገሯችሁ በኋላም በቀጥታ ጻፉላቸውና ቀጠሮ መያዙን አረጋግጡ። እኛ በኋላ ስንጠይቅ ሦስተኛው ዋይነሪ በስማችን ምንም ቀጠሮ አልነበረውም።

አውሮፓ ውስጥ በኦንላይን የገዛነውን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ እንችላለን ብላችሁ አትተማመኑ። ያ መብት ቀን ለተቆረጠለት የመዝናኛ አገልግሎት አይሠራም። ጉብኝት የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ካንስል ማድረግ የምትችሉት በሻጩ ውል ብቻ ነው። ስለዚህ ነፋስ በርትቶ ጀልባ ቢቀር ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሐምሌና በነሐሴ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ጀልባ ያስቀራል። ቀብዱን በካርድ ክፈሉ። በፔይፓል ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚላክበት መንገድ ላኩልን ካሏችሁ እሺ አትበሉ፤ በዚያ የተላከ ብር የገዢ ጥበቃ የለውም።

ያለ እነሱም ይቻላል። ከፊራ ወደ ኢያ፣ ወደ አክሮቲሪ፣ ወደ ፒርጎስ የሕዝብ አውቶቡስ አለ። ዋይነሪውን ራሳችሁ ብትይዙ የምትከፍሉት ለወይኑ ብቻ ነው። መኪና ተከራይቶ እየነዱ መቅመስ ግን አይሞከርም። የተፈቀደው የአልኮል መጠን በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ መንገዱም የገደል ጠርዝ ነው።

መጨረሻ ላይ ሹፌሩ ቀሪውን 340 ዩሮ በጥሬ ገንዘብ ጠየቀን። ደረሰኝ አልን። ብዙ ስልክ ከተደወለ በኋላ ደረሰኝ መጣ። ላዩ ላይ የተጻፈው «የመኪና ኪራይ ከሹፌር ጋር» ነው፤ ወይን የለ፣ አስጎብኚ የለ። ቤታችን ስንመለስ ማስታወቂያቸውን ከፈትነው፤ «አስጎብኚ» የሚለው ተነስቷል። የአክስቴ ልጅ ግን በገዛንበት ቀን ሙሉውን ገጽ ስክሪንሾት አድርጋ አስቀምጣው ነበር። ከደረሰኙ ጋር አያይዘን ለባንኩ ላክን። ባንኩ ቀብዱን መልሶልናል። ሌላውን ግማሽ አላገኘንም፤ መኪናውማ መጥቷል።