የድሮ ካርድሽን አምጪ ያለችኝ አማካሪ

አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያን በአደባባይ ላመሰግን፣ እግረ መንገዴንም ለሚፈልጉ ልጠቁም ነው። የምትሠራው አዲስ አበባ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። እጄ አይታማም፤ ነገር ግን አንዱን ቀሚስ ሳልጨርስ ሌላ እቆርጣለሁ፣ ቀጠሮ ይጠፋብኛል፣ ደንበኛ ሲደውል ስልኩ ጠርቶ እስኪዘጋ ቆሜ አያለሁ። ሐፍረቱ ከዘመድ ለቅሶ ሳይቀር አስቀርቶኛል። ቤተሰቤ ስንፍና ይለዋል፤ እኔም አምኜ ተቀብዬው ነበር።

እርሷ ግን የአንደኛ ደረጃ ካርዴ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር በጉልምስና ድንገት አይጀምርም፤ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየታቸው ይጣራል። እናቴ ከሣጥን ባወጣችው ካርድ ላይ የክፍል ኃላፊዬ «ጎበዝ ናት፤ ግን ቀልቧ አይሰበሰብም» ብለው ጽፈዋል።

ደብተር ስጥል ምን ይደረግ እንደነበርም ጠየቀችኝ። ትምህርት ቤት ጠጠር ላይ መንበርከክ፣ ቤት በርበሬ መታጠን። (ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ከልክሏል፤ የቤቱን ጭስ ማን ይየው?)

ሙያዋን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። በልጅነት የተጎዳ ሰውም ትኩረት ሊያጣና ሊቅበጠበጥ ስለሚችል ለመለየት ጊዜ ወሰደች። መድኃኒት ስለማታዝዝ ወደ አእምሮ ሐኪም ላከችኝ፤ ሁለቱም እንዳሉብኝ ታወቀ። ከዚያ በኋላ መርሳቱን ለብቻ፣ ፍርሃቱን ለብቻ ያዘችው። ለመርሳቱ ዘዴ ሰጠችኝ፦ የቀብድ ደረሰኙን ከነማስረከቢያው ቀን በስፒል ጨርቁ ላይ መያዝ፣ ያላለቀውን ልብስ ከዓይኔ ፊት መስቀል። ለሐፍረቱ ደግሞ ከምሸሻቸው ደንበኞች ለአንዷ እዚያው ፊቷ አስደወለችኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አልተጣደፈችም።

«እትዬ፣ ቀሚስዎ አልደረሰም፤ ለቅዳሜ አደርሳለሁ» አልኩ።

«ደህና ነሽ ወይ ልጄ? ታመመች ብዬ ስሰጋ ነበር» አሉኝ።

እናቴንም በስልክ ስታነጋግራት አንድ የወቀሳ ቃል አልወጣትም፤ ለዚህ ለብቻው አመሰግናታለሁ።

ክፍያዋ ርካሽ አይደለም፤ ወረፋውም ረጅም ስለሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ። ካርድ የጠፋበት ሰው በልጅነቱ የሚያውቀውን ዘመድ ስልክ ይዞ ይሂድ። ልጆች ግን አትቀበልም፤ የምታየው አዋቂዎችን ብቻ ነው።