የኮናንን ዓይነት ጀብዱ ጠረጴዛ ላይ ለመጫወት የትኛውን መግዛት ይሻላል?

አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ሃዋርድ ኮናን የተባለውን ባለ ጎራዴ ጀብደኛ በታኅሣሥ 1932 (እ.ኤ.አ.) ዊርድ ቴልስ በተባለው መጽሔት ለአንባቢ ሲያስተዋውቀው ጀግናው በዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ነበር፤ በመጋቢት 1933 በወጣው ታሪክ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ገና ወጣት ሌባ ሆኖ እናገኘዋለን። ታሪኮቹ በዕድሜው ቅደም ተከተል አልተጻፉም፤ ጀግናው በአንዱ ታሪክ የዘረፈውን ወርቅ በሚቀጥለው ታሪክ በእጁ አናየውም። ገጸ ባሕርይ እየፈጠሩ በዳይስ በሚጫወቱባቸው አብዛኞቹ ጨዋታዎች ግን ተጫዋቹ ደረጃ በደረጃ እየበረታና ሀብት እያካበተ ይሄዳል። ስለዚህ ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሽፋኑን ሥዕል ሳይሆን መጽሐፉ ይህን ልዩነት እንዴት እንደፈታው ቢመረምር ይጠቀማል።

ከሁሉ የሚቀድመው ቲ.ኤስ.አር. የተባለው አሳታሚ በ1984 የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ፈር ቀዳጅ ለሆነው ለዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ያወጣቸው ሁለት የኮናን ጀብዱዎች ናቸው። በሽፋናቸው ላይ የፊልሙ ተዋናይ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ይታያል፤ ውስጣቸው ግን ነባሩ ሕግ ሆኖ የዕድል ነጥብ፣ የፍርሃትና የፈጣን ፈውስ ደንቦች ተለጥፈውበታል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ራሱን ኮናንን ይይዛል፤ የቀሩት በእርሱ ጥላ ሥር መዋላቸው አይቀርም። ለሰብሳቢ ካልሆነ በቀር እነዚህን ግዙ አልልም። በ1985 ዴቪድ ኩክ ለዚያው አሳታሚ ያዘጋጀው ራሱን የቻለ የኮናን ጨዋታ ይበልጣቸዋል።

እውነተኛው ምርጫ ያለው ከዚያ በኋላ በመጡት ሦስት ጨዋታዎች መካከል ነው፤ እነርሱም ሞንጉስ የተባለው አሳታሚ የ2004 የኮናን እትም፣ ሞዲፊየስ የተባለው አሳታሚ የ2017 የኮናን እትም እና በሳይመን ዋሽቦርን የተዘጋጀው ባርባሪያንስ ኦፍ ለሙሪያ ናቸው። የመጨረሻው የኮናን ስም የለውም፤ ዓለሙም ሌላ ነው፤ መንፈሱ ግን ከሃዋርድ ታሪኮች የራቀ አይደለም።

አንድ ሌባ ማማ ላይ ሲወጣ እናስብ። በሞንጉስ ጨዋታ ተጫዋቹ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ጥሎ የመውጣት ችሎታውን ይደምርና ከተቀመጠው የአስቸጋሪነት ቁጥር ጋር ያነጻጽራል፤ ችሎታው 8፣ የግንቡ አስቸጋሪነት 20 ቢሆን 12 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ለሚያውቅ ሰው ምንም አዲስ ነገር የለውም። በለሙሪያ ሁለት ተራ ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ይጣላሉ፤ ቅልጥፍናው 2፣ የሌብነት ሙያው 1 የሆነ ሰው ድምሩ 9 እንዲደርስለት ከዳይሶቹ 6 ማግኘት ይበቃዋል። በሞዲፊየስ ግን ነገሩ ይለያል፤ ተጫዋቹ ሁለት ባለ ሃያ ገጽ ዳይሶችን ጥሎ እያንዳንዳቸው ከችሎታው ቁጥር እንዳይበልጡ ይመኛል። ግንቡ ሁለት ስኬት የሚጠይቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም መሳካት አለባቸው። ይህ ካስፈራው ተጨማሪ ዳይስ መውሰድ ይችላል፤ በምትኩ ታሪኩን ለሚመራውና ጠላቶቹን ለሚያንቀሳቅሰው የጨዋታው መሪ አንድ የመዓት ነጥብ ያስረክባል። መሪው ያንን ነጥብ ይዞ ይቆይና ሌባው ማማው ጫፍ ደርሶ ዕንቁውን ሊያነሣ ሲል ዘበኞች እንዲደርሱበት ያደርጋል። የዛሬ ድፍረት የነገ አደጋ የሚሆንበት ይህ ሥርዓት ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ እጅግ የሚስማማ ቢሆንም፣ ነጥቦቹን እየቆጠሩ መከታተል ጀማሪዎችን ያደክማል፤ ውጊያ ሲመጣ ደግሞ የጉዳቱ ዳይስ ልዩ ምልክት ስላለው ሌላ ትምህርት ይጨመራል።

በወርቁ ጉዳይ ሦስቱም ጥሩ መልስ አላቸው። የሞንጉስ ጀግና በእጁ ያለው ብር በዛ ሲል በየሳምንቱ ግማሹ በፈንጠዝያ እንደሚያልቅበት ሕጉ ይደነግጋል፤ ገንዘብ ማጠራቀም የለመዱ ተጫዋቾች ግን ኪሳቸው እንደተበረበረ ይቆጥሩታል። ሞዲፊየስ በጀብዱና በጀብዱ መካከል የመጠጥና የጭፈራ ጊዜ አስቀምጦ የኑሮ ወጪ ያስከፍላል፤ በዚያው ጊዜ ያልታሰበ ነገርም ሊደርስ ይችላል። እኔ የማደንቀው የለሙሪያን ነው፦ ተጫዋቹ የዘረፈውን ሀብት እንዴት እንዳባከነው ሲተርክ ልምድ ያገኝበታል። ቁጠባ አይከለከልም፤ ማባከን ግን ይሸለማል፤ እንዲህ ሲሆን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጠጪና ቁማርተኛ ለመሆን ይሽቀዳደማሉ።

አስማትን በተመለከተ ሞንጉስ ይጠነክራል። ጠንቋዩ ኃይሉን በነጥብ ይከፍላል፣ በመሥዋዕት ይጨምራል፤ ከአጋንንት ጋር በተቀራረበ ቁጥር ደግሞ ነፍሱ እየተበላሸች የምትሄድበት መለኪያ አለው። በለሙሪያ ከባዱ አስማት የተወሰነ ቦታን ወይም ሰዓትን የመሰለ ቅድመ ሁኔታ ስለሚጠይቅ እንዲሁ በየሜዳው አይለቀቅም። የሞዲፊየስ ጠንቋይ አስተማሪ ያስፈልገዋል፤ ይህም ለጀብዱ የሚሆን ጠላት በቀላሉ ያስገኛል።

ሞንጉስ ላይ ያለኝ ቅሬታ ጀግናው ከዝቅተኛው፣ ከአንደኛው የጥንካሬ ደረጃ መጀመሩ ነው። በአንድ ምት 20 ጉዳት የደረሰበት ሰው ሊሞት የሚችልበት ሕግ ደም ያሞቃል፤ ለሞት የተተወው ጀግና ተርፎ የሚነሣበት የዕጣ ነጥብም ተሰጥቶታል። ሆኖም አዲሱ ጀግና ገና ጀማሪ ወታደር እንጂ ኮናን አይመስልም። ጨዋታውን ከአምስተኛ ደረጃ ማስጀመር ይህን ያቃልላል። የሌሎቹ ሁለት ጨዋታዎች ጀግኖች ከመጀመሪያው ቀን ብቁ ናቸው፤ ሞዲፊየስም ስለ ሌባው፣ ስለ ቅጥረኛው፣ ስለ ባሕር ወንበዴውና ስለ ንጉሡ ለየብቻ መጻሕፍት ስላሳተመ፣ አንዱን የሕይወት ዘመን ብቻ መርጦ ለሚጫወት ቡድን ዋናው መጽሐፍና ከእነዚህ አንዱ ይበቃሉ።

ለእኛ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሃዋርድ ኩሽን የመሰሉ ስሞችን ከጥንት ታሪክ ወስዶ ስለ ጥቁር ሕዝቦች የጻፈው በዘመኑ የዘረኝነት ዓይን ነው፤ ዓለሙን እንዳለ የሚገዛ ሰው ይህንንም አብሮ ይገዛል። ይህ የሚከብደው ቡድን ለሙሪያን ቢመርጥ ወይም የሃዋርድን ካርታ ትቶ ሕጉን ብቻ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ሞንጉስና ሞዲፊየስ የኮናን ፈቃዳቸው ስላበቃ መጻሕፍቱ የሚፈለጉት ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ነው፤ ዋጋውም እንደ ሻጩ ይለያያል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን አዘውትሮ የሚጫወትና በአስማቱ ክፋት ላይ ማተኮር የሚፈልግ ቡድን ሞንጉስን ይግዛ። ልምድ ያለው መሪና ለረጅም ጊዜ አብሮ የሚጫወት ቡድን ካለ ሞዲፊየስን ያህል የለም። ገና ለመጀመር ለሚያስቡ ሦስት ወይም አራት ጓደኞች ግን ለሙሪያን እመርጣለሁ፤ ልዩ ዳይስ ማስመጣት ስለማያስፈልግ የሉዶ ሰሌዳ ዳይስ ይበቃዋል፣ ጀግና ፈጥሮ ለመጀመርም ብዙ ጊዜ አይወስድም።