አሌክስ ስሚዝን መሸጥና መግዛት፦ የአንድ ኳርተርባክ ውል ግምገማ

በአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ (NFL) መካከለኛ አንጋፋ ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች፣ ያለው ቡድን ይዞት ይቀጥል ወይስ ይተካው? ለዚህ ጥያቄ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ በ2018 አሌክስ ስሚዝን ለዋሽንግተን የሸጠበትን ውል ያህል ጥርት ያለ መልስ የሚሰጥ የለም። ሻጩ ምን እንዳተረፈ፣ ገዢው ምን እንደከፈለ ዛሬ ቁጭ ብሎ ማስላት ይቻላል። የእኛ ነጥብ ለሻጩ ከ5 ኮከብ 5፣ ለገዢው 2 ነው።

መጀመሪያ ለስሚዝ የሚገባውን እንስጠው። በ2013 ካንሳስ ሲቲ ሲደርስ ቡድኑ በቀደመው ዓመት ከ16 ጨዋታ 14ቱን ተሸንፎ ነበር። ለቀድሞ ቡድኑ ለሳን ፍራንሲስኮ የተከፈለበት ዋጋ ሁለት የሁለተኛ ዙር የድራፍት (ቡድኖች በየዓመቱ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት) ምርጫ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ቡድኑ 11 ጨዋታ አሸነፈ። ስሚዝ በአምስት ዓመት ውስጥ በቋሚነት ከተሰለፈባቸው 76 የመደበኛ ወቅት ጨዋታዎች 50ዎቹ በድል ተጠናቀዋል። ትልቁ ሙያው ኳስ አለማስነጠቅ ነው፤ በ2017 26 ታችዳውን (6 ነጥብ የሚያስገኝ ግብ) ሲወረውር ተከላካዮች የጠለፉበት 5 ጊዜ ብቻ ነው። የፈረሰ ቡድን ለማቆም የሚደክም አሰልጣኝ እንዲህ ያለ ሰው ካገኘ ዓይኑን ሳያሽ ይውሰደው።

እንከኑ የሚታየው ሦስተኛው ሙከራ ላይ ነው። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ ሦስተኛው ካልተሳካ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ኳሱን በእግር ጠልዞ ለተጋጣሚ ያስረክባል። 8 ያርድ ቀርቷል እንበል። ስሚዝ ሩቅ ያለውን ተቀባይ ያያል፤ ክፍተቱ ይጠብበታል፤ ተከላካዮቹ ሲደርሱበት 3 ያርድ ላይ ለቆመው ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች) ያቀብላል። ውርወራው የተሳካ ተብሎ ይመዘገባል፣ ኳሱ ግን ወደ ተጋጣሚ ይሄዳል። ለዚህ ነው የተሳካ ውርወራ በመቶኛ ስንት ነው በሚለው ብቻ ኳርተርባክ መመዘን የማያዋጣው። በሦስተኛ ሙከራ የተወረወረው ኳስ የሚፈለገውን መስመር አልፏል ወይስ ሳይደርስ ቀርቷል? ጨዋታውን ደግሞ ሲያዩ ይህን መቁጠር ይበቃል። በ2014 የካንሳስ ሲቲ ዋይድ ሪሲቨሮች (ዋናዎቹ ኳስ ተቀባዮች) ወቅቱን ሙሉ አንድም የታችዳውን ኳስ አልተቀበሉም።

በፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ወቅት በኋላ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ በካንሳስ ሲቲ ያስመዘገበው ውጤት 1 ድልና 4 ሽንፈት ነው። እዚህ ላይ ግን ፍርደ ገምድል መሆን አይገባም። በኢንዲያናፖሊስ 45 ለ 44 በተሸነፉበት ጨዋታ ስሚዝ 4 ታችዳውን ወርውሯል፤ 38 ለ 10 ሲመሩበት የነበረውን ጨዋታ ያስነጠቀው በዋናነት የመከላከል ክፍሉ ነው። በጥር 2018 ቴነሲን እስከ ዕረፍት 21 ለ 3 ሲመሩ ቆይተው 22 ለ 21 ሲሸነፉም፣ ዋናው ተቀባይ ትራቪስ ኬልሲ ጭንቅላቱን ተመትቶ ገና ከዕረፍት በፊት ወጥቷል። የስሚዝን ጣሪያ የሚያሳየው ከአንድ ዓመት በፊት ከፒትስበርግ ጋር የተደረገው ግጥሚያ ነው። ተጋጣሚው አንድም ታችዳውን ሳያስቆጥር በ6 ፊልድ ጎል (እያንዳንዱ 3 ነጥብ የሚሰጥ የእግር ምት) ብቻ 18 ለ 16 አሸንፎ ሄደ። ተከላካዮቹ እንዲህ ሠርተውለት 19 ነጥብ ማምጣት ያልቻለ ማጥቃት በሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ደረጃ አይበቃም።

ካንሳስ ሲቲ የተካበትን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሚያዝያ 2017፣ ስሚዝ ገና ቋሚ ሳለ፣ ለቡፋሎ 27ኛውን ምርጫ፣ አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ሰጥቶ ወደ 10ኛው ከፍ አለና ወጣቱን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን ወሰደ። ማሆምስ ያን ዓመት የተሰለፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ የፕሌይኦፍ ቦታው ከተረጋገጠ በኋላ በታኅሣሥ መጨረሻ ዴንቨር ላይ ተጫውቶ 27 ለ 24 አሸነፈ። ስሚዝ ደግሞ ተተኪው አጠገቡ እንደተቀመጠ እያወቀ የሕይወቱን ምርጥ ወቅት ተጫወተ። በመክፈቻው ኒው ኢንግላንድን ሜዳው ላይ 42 ለ 27 ሲረቱ 368 ያርድና 4 ታችዳውን ወረወረ፤ ወቅቱንም የውርወራ ብቃት መለኪያ በሆነው ፓሰር ሬቲንግ 104.7 አምጥቶ ሊጉን እየመራ ጨረሰ። የተሸጠው ልክ በዚህ ከፍታ ላይ ነው። ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ ዓመት ሲያዩ ውል ያራዝማሉ።

ገንዘቡን እንመልከት። በ2018 የደመወዝ ጣሪያው፣ ማለትም አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በዓመት ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ መጠን፣ 177.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስሚዝ ቢቆይ 20.6 ሚሊዮኑን ይይዝ ነበር፤ መሸጡ 17 ሚሊዮኑን አስለቀቀ። የማሆምስ የአራት ዓመት ውል በጠቅላላው ወደ 16.4 ሚሊዮን ነበር፤ ከ2011 ጀምሮ የአዲስ ገቢዎች ደመወዝ በደንብ የተገደበ በመሆኑ ቡድኖች ወጣት ኳርተርባክን በርካሽ ያሰልፋሉ። ካንሳስ ሲቲ በዚያው መጋቢት ተቀባዩን ሳሚ ዋትኪንስን በሦስት ዓመት 48 ሚሊዮን አስፈረመ። ከዋሽንግተን ደግሞ የሦስተኛ ዙር ምርጫና ኮርነርባኩ (ተቀባዮችን የሚጠብቅ ተከላካይ) ኬንዳል ፉለር መጡ። ማሆምስ በ2018 50 ታችዳውን ወርውሮ የሊጉ ኮከብ ተባለ። በየካቲት 2020 ቡድኑ ሱፐር ቦውልን 31 ለ 20 ሲያሸንፍ በመጨረሻዋ ደቂቃ ኳሱን ጠልፎ ጨዋታውን የዘጋው ያው ፉለር ነው።

ወደ ገዢው እንምጣ፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው አበሻ የሚከታተለውም ይህንኑ ቡድን ነው። ዋሽንግተን ለ33 ዓመቱ ስሚዝ የአራት ዓመት ማራዘሚያ በ94 ሚሊዮን ሰጠ፤ 71 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው፣ ማለትም ቢጎዳም የሚከፈለው፣ ነበር። ጅምሩ 6 ድልና 3 ሽንፈት ሆኖ ሳለ ኅዳር 2018 እግሩ ተሰበረ፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሕይወቱን ሊያጣ የደረሰ ሰው በ2020 ተመልሶ ከጀመራቸው 6 ጨዋታዎች 5ቱን ማሸነፉ ከማንኛውም ቁጥር በላይ ያስከብረዋል። የጉዳቱን ዕዳ በቡድኑ ላይ አንጭንም፤ ዋስትናውን ግን እንጭናለን። 2019ን ሙሉ ሳይጫወት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር የጣሪያውን ቦታ ይዞ ነበር።

መተካት ሁልጊዜ ይሳካል ማለት አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ኳርተርባኩን ጂሚ ጋሮፖሎን ለመተካት ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ከፍሎ በ3ኛው ትሬይ ላንስን ወሰደ። ላንስ 4 ጨዋታ ብቻ ጀምሮ በ2023 በአራተኛ ዙር ምርጫ ለዳላስ ተሰጠ። ማሆምስ በኮሌጅ 29 ጨዋታ ጀምሯል፣ ላንስ 17፤ በ2020 ደግሞ አንድ ጨዋታ ብቻ። በኮሌጅ ብዙ ያልወረወረን ልጅ ውድ ዋጋ ከፍሎ መውሰድ አይመከርም።

መተኪያ ላልያዘ ቡድን ምክራችን አንጋፋውን ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ማቆየትና በዚያው ድራፍት ወጣት መምረጥ ነው። ለሚሸጥ ቡድን፣ ስምምነቱ በጥር ይጠናቀቅ። ካንሳስ ሲቲ ጥር 30 ላይ የጨረሰው ዋሽንግተን ኳርተርባኩን ከርክ ከዝንስን እንደሚያጣ ገብቶት ምትክ ሲፈልግ ነው፤ በመጋቢት ገበያው ሲከፈት ከዝንስ ለሚኒሶታ በ84 ሚሊዮን ፈረመ። ለሚገዛ ቡድን ደግሞ ዋስትናው ከሁለት ዓመት አይለፍ፣ በዚያው ሚያዝያም ወጣት ኳርተርባክ ይመረጥ። ዋሽንግተን በ2018 ድራፍት አንድም ኳርተርባክ አልመረጠም፤ ስሚዝ ሲሰበር ተጠባባቂው ኮልት ማኮይ ገባ፣ እሱም እግሩ ተሰበረ፤ ወቅቱን በማርክ ሳንቼዝና በጆሽ ጆንሰን ጨርሶ በ7 ድልና 9 ሽንፈት ከፕሌይኦፍ ውጭ ቀረ።