የካደንስ ሴንሰር ወይስ የልብ ምት ቀበቶ?

የብስክሌት ኮምፒውተር (መሪው ላይ ታስሮ ፍጥነትንና የሴንሰሮችን ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ) ገዝታችሁ የቀረው ብር ለአንድ ዕቃ ብቻ ቢበቃስ?

ካደንስ፦ ፔዳሉ በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር ይቆጥራል። አንዴ ከታሰረ ይረሳል።
ቀበቶ፦ የልብ ምት ይቆጥራል። በየጊዜው ደረት ላይ ይታሰራል፣ ይታጠባል። ካልታጠበ ይሸታል!

ትልቁ ልዩነት ዳገት ላይ ይታያል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ስትወጡ ካደንሱ ወዲያው ይናገራል። ከ85 ወደ 55 ከወረደ ማርሹ ከብዷል፤ ቶሎ ቀንሱ፣ ጉልበታችሁን አትጉዱት። ልብ ግን ይዘገያል። ዳገቱ ሲጀምር ቁጥሩ ገና ዝቅ ያለ ነው። «አቅም አለኝ» ብላችሁ ትረግጣላችሁ፤ ማዘጋጃ ስትደርሱ ትንፋሽ የለም። እኔ ስንቴ ተሸውጃለሁ።

በሌላ በኩል ካደንስ ድካምን አያውቅም። በ85 ዙር መዝናናትም፣ ልብ እስኪጠፋ መልፋትም ይቻላል። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ከድሬዳዋ የመጣ ጓደኛችሁ ከእናንተ እኩል እየነዳ የልብ ምቱ ቢያሻቅብ አትሳቁበት። እንቅልፍ ያጣችሁ ቀንም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

የትራፊክ መብራት በበዛበት መሃል ከተማ፣ ስትቆሙ ዜሮ ስለሚመዘገብ የካደንስ አማካይ ያሳስታል። ኮምፒውተሩ ዜሮን እንዳይቆጥር አስተካክሉት።

ከባድ ማርሽ እየረገጠ ጉልበቱን ለሚያመው ወይም ለጀማሪ ካደንስ ይቅደም። እሑድ ማለዳ ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ረጅም መንገድ ለሚነዳ፣ ጉዞው ሳይጋመስ ለሚዝል ደግሞ ቀበቶው።