የውጭ እንግዳ ቤት ለማሳደር፦ ካውችሰርፊንግ ወይስ ሰርቫስ?

ሁለቱም ተጓዦችን ቤታቸው ከሚያሳድሯቸው ሰዎች ጋር ያገናኛሉ፤ ካውችሰርፊንግ በድረ ገጽና በመተግበሪያ ነው፣ ሰርቫስ ደግሞ የአባላት ማኅበር ነው። ሁለቱም ጋ እንግዳው ለማደሪያ አይከፍልም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው።

ወጪ፦ ካውችሰርፊንግ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የተጀመረው፤ ከ2020 ወዲህ በብዙ አገር አባላቱን ያስከፍላል። በ1949 የተመሠረተው ሰርቫስም እንደየአገሩ መዋጮ አለው።

ቅለት፦ ካውችሰርፊንግ ፈጣን ነው፤ ተመዝግቦ መጠበቅ ነው። ሰርቫስ ቃለ መጠይቅ አለው። ተጓዡም የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ካውችሰርፊንግ ላይ የምትተማመኑት ሌሎች ስለ ሰውየው በጻፉት አስተያየት ነው። ምንም ያልተጻፈለትን ሰው፣ በተለይ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ፣ መጀመሪያ ካፌ አግኙት። ይሉኝታ ይዟችሁ «እሺ» እንዳትሉ። የሰርቫሱን እንግዳ ቢያንስ አንድ ሰው አናግሮታል።

ቆይታ፦ የሰርቫስ ልማድ ሁለት ሌሊት ነው። እንግዳን «መቼ ነው የምትሄደው?» ማለት ለሚከብደን ለእኛ ይህ ትልቅ ግልግል ነው። በካውችሰርፊንግ ቀኑን ራሳችሁ ቁረጡ።

ብቻውን ስቱዲዮ ተከራይቶ ለሚኖር፣ ማታ ከእንግዳው ጋር መውጣት ለሚወድ ወጣት ካውችሰርፊንግ ይስማማዋል። ከቤተሰቡ ጋር ሽሮ የሚበላ፣ ቡናውን እስከ በረካ የሚጠጣ እንግዳ የፈለገ ሰርቫስን ይሞክር። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ግን፣ በየትኛውም በኩል ይምጣ፣ ገላውን በጆግ እንደሚታጠብ ቀድማችሁ ንገሩት።